ኬቶ ላይ ሆናችሁ ስኳር ስትለኩ ቁጥሩን እንዴት ታነቡታላችሁ?

በቀደም አክስቴ ገና በጠዋቱ ደወሉልኝ። ልጃቸው ከስቶክሆልም የስኳር መለኪያ ልካላቸው፣ ጣታቸውን ወግተው ቢያዩ 6.2 ይላል። ጤና ጣቢያ ሲለኩ ሁሌም የሚነገራቸው መቶ ምናምን ነው። «ስኳሬ አልቋል፣ ልወድቅ ነው» ብለው አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለዋል። አንድ ወር ሙሉ እንጀራ ትተው በጎመን፣ በሥጋና በእንቁላል የቆዩ ሰው ናቸው፤ ምግቡ የጎዳቸው መሰላቸው። «አይዞዎት እትዬ፣ 6.2ን በ18 ያባዙት» አልኳቸው። 112 መጣ። እፎይ አልን። ወዲያው ግን ሌላ ጥያቄ ተከተለ፦ «እንጀራና ስኳር ከተውኩ ወር አልፎኝ 112 ከየት መጣ ታዲያ?»

ኬቶ (ካርቦሃይድሬትን በጣም የሚቀንስ አመጋገብ) የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህን ይጠይቃል። እኔም ጠይቄያለሁ። ስኳሬ ከፍ እያለ ነው ተብዬ ምግቤን ከቀየርኩ ወዲህ መለኪያው ከጎኔ አይጠፋም። መጀመሪያ ላይ አንዷን ቁጥር አይቼ ቀኔን ሙሉ ስጨነቅ እውል ነበር። አሁን አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙም እንደማይናገር ገብቶኛል። ከየትኛው ሰዓት፣ ከየትኛው ምግብና ከየትኛው መድኃኒት ጋር እንደመጣ ሲታወቅ ነው ትርጉም የሚኖረው። እንዴት እንደምታነቡት ከዚህ በታች በቅደም ተከተል ላስረዳ።

መድኃኒት የምትወስዱ፣ መጀመሪያ ይቺን

ኬቶ ማለት የቀኑን ካርቦሃይድሬት ከ50 ግራም በታች ማውረድ ነው፤ ብዙ ሰው ከ20 እስከ 50 ባለው መሃል ይይዘዋል። አንድ ሙሉ እንጀራ ብቻውን ከዚህ ያልፋል። ስለዚህ ምግቡ ሲቀየር ስኳር በቀናት ውስጥ ይወርዳል። መድኃኒቱ ግን እንጀራ መተዋችሁን አያውቅም። ኢንሱሊን የምትወጉ ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድና ግሊሜፒራይድ ያሉ ክኒኖች የምትውጡ፣ በድሮው መጠን ከቀጠላችሁ ስኳራችሁ ራሳችሁን እስክትስቱ ድረስ ሊወርድ ይችላል። መጠኑን ሐኪም አስቀድሞ ማስተካከል አለበት። የደም ግፊት መድኃኒትም እንዲሁ፤ ኬቶ ግፊትንም ስለሚያወርድ። ሜትፎርሚን ብቻ የምትወስዱ ስጋቱ ዝቅተኛ ነው፣ ግን ለሐኪማችሁ ንገሩ።

ስማቸው በ«ፍሎዚን» የሚያልቅ ክኒኖች አሉ፤ ዳፓግሊፍሎዚንና ኢምፓግሊፍሎዚን የተለመዱት ናቸው። እነዚህን ከኬቶ ጋር አንድ ላይ መውሰድ የተለየ አደጋ አለው፤ ስለ ኪቶን (ሰውነት ስብ ሲያቃጥል ስለሚሠራው ነዳጅ) ስናወራ እመለስበታለሁ። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችና የምታጠቡ እናቶች ያለ ሐኪም ክትትል ኬቶን አትሞክሩት። በራሳችሁ መድኃኒት ማቆምም የለም።

መለኪያችሁ በምን እንደሚቆጥር እወቁ

አገር ቤት፣ አሜሪካና እስራኤል የምንጠቀመው ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ሆላንድና እንግሊዝ ሚሊሞል በሊትር ነው። ቁጥሩ ላይ ነጥብ ካለ ሚሊሞል መሆኑን ወዲያው ታውቃላችሁ። በ18 አባዙት፣ አለቀ። 3.9 ማለት 70 ነው፣ 5.6 ወደ 100 ይጠጋል፣ 7.0 ደግሞ 126 ነው። ከዚህ በኋላ የምጽፋቸው የስኳር ቁጥሮች በሙሉ በሚሊግራም ናቸው።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ምክር ጣል ላድርግ። ለእናት አባታችሁ መለኪያ ከመላካችሁ በፊት የዚያ መሣሪያ ስትሪፕ (ደሙ የሚነካበት ቀጭን ወረቀት) እነሱ ከተማ ፋርማሲ መኖሩን አረጋግጡ። ስትሪፕ ከራሱ መሣሪያ ውጪ አይሠራም። የመጀመሪያዋ የስትሪፕ ዕቃ ስታልቅ መሣሪያው መሳቢያ ውስጥ ተጥሎ የሚቀርበት ቤት ብዙ ነው፤ ያሳዝናል።

አለካኩ ላይ አትቸኩሉ

እጃችሁን በሳሙና ታጠቡና በደንብ አድርቁ። ሲነግሩኝ ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ለልጄ ብርቱካን ልጬ ሰጠሁና እጄን በጨርቅ ጠረግ አድርጌ ለካሁ። 168! ከጠዋት ጀምሮ ከእንቁላልና ከአቮካዶ ሌላ አፌ አልገባም። ልቤ ዝቅ አለ። ከዚያ ጣቴን ሳሸተው ብርቱካን ብርቱካን ይላል። ታጥቤ፣ አድርቄ፣ ሌላ ጣት ወጋሁ፤ 97። ያቺ ጣት ላይ የቀረች የብርቱካን ጭማቂ ናት 168 ያደረገችው።

የምትወጉት የጣቱን ጎን ይሁን፤ መሃሉ ያማል። ደም አልወጣ ካለ እጃችሁን ወደ ታች አንጠልጥላችሁ አሙቁት እንጂ ጣቱን አትጭመቁት። ውሃ ከሌለ የመጀመሪያዋን ጠብታ ጥረጉና በሁለተኛዋ ለኩ። የስትሪፑን ዕቃ ክዳን ወዲያው ግጠሙ፤ ሙቀትም እርጥበትም ያበላሸዋል። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አይቀመጥም። ስትገዙም ጊዜው አለማለፉን ተመልከቱ።

ሌላው፣ ጥሩ የሚባል መለኪያም ቢሆን በ15 ሊዛነፍ ይችላል። ዓለም አቀፉ መስፈርት ራሱ የሚጠይቀው ከ100 በታች ሲሆን ከላብራቶሪው 15 ሚሊግራም ወዲህ ወይም ወዲያ፣ ከ100 በላይ ሲሆን ደግሞ 15 ከመቶ ብቻ ነው፤ ያውም ለ95 ከመቶው ልኬት። ስለዚህ ዛሬ 98 ነገ 106 ካያችሁ ጨመረ ብላችሁ አትደንግጡ። ለመለኪያው ሁለቱ አንድ ናቸው። ደም ማነስ ያለበት ሰው ደግሞ መለኪያው ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳየው ይችላል፤ ደም ማነስ ካለባችሁ ይህንን አስታውሱ።

መቼ መቼ ልለካ?

ስትሪፕ ውድ ነው። በየሰዓቱ ጣት መውጋት ገንዘብም ልብም ይጨርሳል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ሲጀመር ለ3 ቀን ብቻ በደንብ እለካለሁ፦ ጠዋት እንደተነሳሁ፣ ከምሳ በፊት፣ ከመጀመሪያው ጉርሻ ከ1 ሰዓትና ከ2 ሰዓት በኋላ፣ ከእራት በፊት፣ ስተኛ። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ጉርሻ እንጂ እጅ ከታጠባችሁ በኋላ አይደለም። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይበቃኛል። ኢንሱሊን የምትወጉ ግን ሐኪማችሁ ባዘዘው መሠረት ነው እንጂ የእኔን አትከተሉ።

ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፉ። ቁጥሩን ብቻ አይደለም፤ የበላችሁትን፣ የእንቅልፉን ነገር፣ ጉንፋን ካለም ጉንፋኑን። ከደብተሬ አንድ ቀን ላሳያችሁ፦

ጠዋት 12:40፣ ምንም ሳልበላ፦ 108
ቀን 6:30፣ ከምሳ በፊት፦ 89
ጥብስ በጎመን ከበላሁ 1 ሰዓት፦ 98
2 ሰዓት፦ 94
ማታ 12:30፣ ከእራት በፊት፦ 86
ስተኛ፦ 91

የቀኑ ትልቁ ቁጥር የትኛው ነው? ሆዴ ባዶ የነበረበት። ይኼ ነው ሰውን ግራ የሚያጋባው። ከዚህ በፊት ደግሞ ኬቶ ሳልጀምር የጻፍኩት አለ፦ ጠዋት 112፣ ምሳ እንጀራ በሽሮ፣ ከ1 ሰዓት በኋላ 171፣ ከ2 ሰዓት በኋላ 138። የጠዋቶቹ ልዩነት 4 ብቻ ነው። የጠዋቱን ብቻ የሚያይ ሰው «ምንም አልተለወጠም» ብሎ ይተወዋል። የተለወጠው ግን ቀኑ ነው።

የጠዋቱ ቁጥር ለምን ከፍ ይላል?

ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ኬቶ ላይ ባትሆኑም የሚመጣ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ጀምሮ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ድረስ ሰውነት ለመንቃት ይዘጋጃል፤ ኮርቲሶልና የእድገት ሆርሞን ይጨምራሉ፣ ጉበትም ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ሳትበሉ የመጣው ስኳር ከዚህ ነው። ጉበት ካርቦሃይድሬት ባይገባለትም ከፕሮቲንና ከስብ ክፍልፋዮች ስኳር መሥራት ይችላል። እንጀራ የማይበላ ሰው ስኳሩ ዜሮ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የኬቶ ነው። ካርቦሃይድሬት ስትቀንሱ ጡንቻችሁ ስብና ኪቶን መጠቀም ይለምዳል፤ ስኳሩን ገፋ አድርጎ፣ ስኳር የግድ ለሚፈልጉት ለአንጎልና ለቀይ የደም ሴሎች ይተውላቸዋል። ጡንቻ አልቀበልም ያለው ስኳር ደም ውስጥ ትንሽ ይቆያል። ስለዚህ ጠዋት 95፣ 100፣ 108 ማየት ኬቶ ላይ ለቆየ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ታዲያ ይኼኛው የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ ካላችሁ፣ አንድ ሌሊት መስዋዕት አድርጉ። ስትተኙ ለኩ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተነስታችሁ ለኩ፣ ስትነቁ ለኩ። 91፣ 86፣ 108 ከሆነ የንጋቱ ነው፤ ቀን ላይ ሲወርድም ታዩታላችሁ። ሌሊቱን ሙሉ 130 አካባቢ ከቆየ ግን በንጋት አይሳበብም። መድኃኒት የምትወስዱ ሌሊት ላይ ከ70 በታች ካገኛችሁ ደግሞ መጠኑ በዝቶባችኋል ማለት ነው፤ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ደውሉ።

እራትን ወደ ማታ 12 ሰዓት ማምጣት እኔን ረድቶኛል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የበላሁት ብዙ ሥጋ ጠዋት ላይ ይታያል፤ ፕሮቲን ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። እንቅልፍ ያጣሁበት ሌሊትም እንዲሁ። ሕመም፣ ጭንቀት፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችም ስኳር ከፍ ያደርጋሉ።

ይህን ስል «ጠዋት ከፍ ቢል ኬቶ ነው፣ ተዉት» ማለቴ አይደለም፤ እባካችሁ እንዲህ አትረዱኝ። ባዶ ሆድ ከ100 በታች ጤናማ ነው፣ ከ100 እስከ 125 የስኳር በሽታ ዋዜማ ነው፣ 126ና ከዚያ በላይ በሁለት የተለያዩ ምርመራዎች ከተገኘ የስኳር በሽታ ነው። ያንን የሚወስነው የላብራቶሪ ምርመራ እንጂ የጣት መለኪያ አይደለም። የጠዋቱ ቁጥር በየወሩ እየወጣ ከሄደ፣ ወይም ከምግብ በኋላ ያለውም አብሮ ከወጣ፣ ሂዱና ተመርመሩ። የስኳር ሕመም እንዳለባችሁ የምታውቁ ደግሞ ለአብዛኛው አዋቂ የሚሰጠው ግብ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ምግብ ከጀመራችሁ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ከ180 በታች ነው።

ምግባችሁን በራሳችሁ ፈትኑ

እኔ ይህን ክፍል እወደዋለሁ፤ ከሰው ወሬ ያድናል። ሽሮ ይፈቀዳል፣ አይፈቀድም እያለ ሰው ሲጨቃጨቅ ትሰማላችሁ። መሣሪያው ቤታችሁ ካለ አትጨቃጨቁ። አንድ ምግብ ብቻ ምረጡ። ከመብላታችሁ በፊት ለኩ፣ ከመጀመሪያው ጉርሻ ከ1 ሰዓትና ከ2 ሰዓት በኋላ ለኩ። እኔ የምይዘው ደንብ ቀላል ነው፦ ከመነሻው ከ30 በላይ ከወጣ ያ ምግብ ወይ መጠኑ ይቀንሳል ወይ ይቀራል። በ2 ሰዓት ውስጥ ወደ መነሻው ከተጠጋ ጥሩ ነው።

ክትፎ በአይብና በጎመን ብዙም አያንቀሳቅሰኝም። ቆጮ ሲጨመርበት ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ቆጮ በአብዛኛው ስታርች ነው። ዶሮ ወጥ በእንቁላል ያለ እንጀራ ደህና ነው ብዬ ነበር፤ ሽንኩርቱን የረሳሁት ጊዜ ነው። አንድ ድስት ዶሮ ወጥ ውስጥ የሚገባው ሽንኩርት ስንት ኪሎ እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ቁሌቱን ትቼ ሥጋውንና እንቁላሉን ስበላ 12 ብቻ ወጣ፣ ቁሌቱን ጨልፌ ስበላ ወደ 28። ሽሮ ደግሞ እህል ነው፤ ሽምብራና አተር ከግማሽ በላይ ካርቦሃይድሬት ናቸው። ሦስት ማንኪያ ከጎመን ጋር አይጎዳኝም፣ ሳህን ሙሉ ግን ይጎዳኛል። የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። ቆሎና በሶ አልፈተንኩም፤ ገብስ ስለሆኑ መልሱን አውቀዋለሁ።

ቡና ያለ ስኳር እንኳ ጠዋት ላይ አንዳንዱን ሰው 5ም 10ም ከፍ ያደርገዋል። የጠዋቱን ልኬት ከቡናው በፊት አድርጉ። ከባድ ብረት ማንሳትም ለጊዜው ያወጣል፤ ከምሳ በኋላ 15 ደቂቃ በእግር መሄድ ግን ያወርዳል። ይህንንም በመለኪያ አይቼዋለሁ።

ሲወርድስ?

መድኃኒት የማትወስዱ፣ ጤናማ ሆናችሁ ኬቶ ላይ 68 ወይም 72 ብታዩና ምንም ካልተሰማችሁ አትረበሹ፤ አንጎል ኪቶንም ይበላል። ማዞር መጥቶባችሁ ስትለኩ 85 ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የስኳር አይደለም። ካርቦሃይድሬት ሲቀንስ ኢንሱሊን ይወርዳል፣ ኩላሊት ጨውና ውሃ ያስወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስ ምታትና ድካም የሚያመጣው በአብዛኛው ይኼ ነው። የግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ከሌለባችሁ ጨው ያለበት መረቅ ጠጡበት።

ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርዱትን ክኒኖች የምትወስዱ ግን ከ70 በታች ካያችሁ ወዲያውኑ አክሙት። 15 ግራም ስኳር፦ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር። 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ እንደገና ለኩ፣ ካልወጣ ድገሙ። «ኬቶዬ ይበላሻል» ብላችሁ በኦቾሎኒ ቅቤ ወይም በአይብ ለማከም አትሞክሩ፤ ስቡ ያዘገየዋል። ከ54 በታች ከሆነ በጣም አስቸኳይ ነው። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ይህንን ይወቅ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ወደ ሆስፒታል ነው።

አረቄም ይነሳ። ካርቦሃይድሬት የለውም ብለው ኬቶ ላይ የሚጠጡት አሉ። አልኮል ግን ጉበት ስኳር እንዳይሠራ ያግደዋል። ኬቶ ላይ ያለ ሰው ደግሞ የሚኖረው ጉበቱ በሚሠራው ነው። በባዶ ሆድ አረቄ ጠጥቶ መተኛት፣ በተለይ ከመድኃኒት ጋር፣ ሌሊት ስኳር ሊጥል ይችላል። ስካርና የስኳር መውረድ ስለሚመሳሰሉ አጠገቡ ያለ ሰው ላያውቅለት ይችላል።

ኪቶን የምትለኩ ከሆነ

የግድ አይደለም። ከለካችሁ የደሙ ይሻላል፤ ከ0.5 እስከ 3 ሚሊሞል ድረስ ምግቡ የሚያመጣው የተለመደ መጠን ነው። የሽንቱ ስትሪፕ መጀመሪያ ላይ ቀለም ይሰጣል፣ ሰውነት ሲለምድ ይደበዝዛል፤ ያ ማለት ከኬቶ ወጣችሁ ማለት አይደለም።

አሁን ወደ «ፍሎዚን» ክኒኖች ልመለስ። እነዚህ ስኳርን በሽንት ያስወጣሉ። ስለዚህ ኪቶን በዝቶ ደሙ ውስጥ አሲድ እየተጠራቀመ የስኳሩ ቁጥር 150 ወይም 180 ብቻ ሊያሳይ ይችላል። ሰው ቁጥሩን አይቶ ተረጋግቶ ቤቱ ይቀመጣል። ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ከባድ ድካም ከመጣ የስኳሩን ቁጥር አትመኑ፤ ድንገተኛ ክፍል ሂዱና የክኒኑን ስምና ኬቶ ላይ መሆናችሁን ንገሯቸው። ኢንሱሊን የምትወጉም ኪቶናችሁ ከ3 ካለፈ እንዲሁ።

በጾም ጊዜ

በሁዳዴ ሥጋ፣ ቅቤና እንቁላል ስለሚቀሩ ኬቶ ይከብዳል፤ ጎመን፣ እንጉዳይ፣ አቮካዶ፣ ተልባ፣ ሰሊጥና ዘይት ላይ ትወድቃላችሁ። እስከ 9 ሰዓት ስትጾሙ ያለው ልኬት እንደ ባዶ ሆድ ነው የሚነበበው። በረመዳን ለምትጾሙ፣ ብዙ የሃይማኖት ሊቃውንት ጣት ወግቶ መለካት ጾም አይፈታም ይላሉ፤ ስለዚህ ቀን ላይም ለኩ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ካየ ጾሙን ማፍረስ አለበት። ከጾሙ በፊት የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ።

ላብራቶሪ ስትሄዱ

ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ የ3 ወር ገደማ አማካይ ይነግራችኋል፤ የጠዋቱ ቁጥር ሲያስጨንቃችሁ እሱን ጠይቁ። የሚነገረው በመቶኛ ነው፦ ከ5.7 ከመቶ በታች ጤናማ ነው፣ 6.5 ከመቶና በላይ የስኳር በሽታ መጠን ነው። 6 ከመቶ ማለት በአማካይ 126 ማለት ነው። ደም ማነስ ይህንንም ስለሚያዛባው ተናገሩ።

ግሉኮስ ጠጥታችሁ እንድትለኩ ከታዘዘላችሁ ኬቶ ላይ መሆናችሁን ሳትናገሩ አትጠጡት። ስኳር የተወ ሰውነት ድንገት 75 ግራም ሲገባበት ቶሎ አያስተናግደውም፤ ሳይኖርባችሁ የስኳር በሽታ አለባችሁ ሊባል ይችላል። ከምርመራው በፊት ለ3 ቀን በቀን ቢያንስ 150 ግራም ካርቦሃይድሬት መብላት ያስፈልጋል። የስኳር ሕመም ያለባችሁ ግን ይህንን በራሳችሁ አታድርጉ።

ስትሄዱ ደብተሩን፣ መድኃኒቶቹንና መለኪያውን ራሱን ያዙ። ከክንዳችሁ ደም እንደተቀዳ እዚያው ጣታችሁን ወግታችሁ ለኩና ጻፉ። ውጤቱ ሲመጣ አወዳድሩ፤ ላብራቶሪው 100 ካለና የእናንተ ከ85 እስከ 115 መሃል ከሆነ መለኪያው ደህና ነው። አክስቴን ባለፈው ሳምንት እንዲህ አስደረግኋቸው። የስቶክሆልሙ መሣሪያ 6.0 አለ፣ 108 መሆኑ ነው። ላብራቶሪው 103። ደብተራቸው ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉና «ቀን ቀን ስንት እንደሚሆን ከነገ ጀምሬ እለካለሁ» አሉኝ።